በክዳኑ ውስጥ የተጻፈው ቀን

ሴክ ማን-ፋይ ሰዓት የሚጠግንባት ቦታ ሱቅ ለመባል አትበቃም። ሳምሹይፖ በሚባለው ሰፈር ካረጀ ፎቅ ደረጃ ሥር የተሸጎጠች፣ አንድ ሰው ተቀምጦ ሌላው ቆሞ የሚያወራባት ጥግ ናት። ነዋሪዎቹ ሲወጡና ሲወርዱ እግራቸው ከራሱ በላይ ያልፋል። ሴክ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጦባታል።

ሰፈሩ «ሲፉ» ይለዋል፤ እጁ ሙያ ለያዘ ሰው የሚሰጥ ስም ነው። ማንም አላስተማረውም። በወጣትነቱ የተሰበሩ ሰዓቶችን ከአሮጌ ተራ በኪሎ እየገዛ፣ ፈቶ እየገጠመ፣ ገጥሞ እያበላሸ ነው የለመደው። ጠዋት ጠዋት ከደረጃው ግርጌ ባለችው ቀይ የምድር አምላክ ሳጥን ፊት አንድ ሲኒ ሻይ ያስቀምጥና ጥቂት ዝም ብሎ ይቆማል። ከዚያ ወደ ሥራው ነው። ምን እንደሚለምን ለማንም ነግሮ አያውቅም።

አንድ የሥራ ልማድም አለው። የከፈተውን ሰዓት ከመዝጋቱ በፊት፣ የጀርባ ክዳኑ ውስጥ በመርፌ ጫፍ ቀኑንና የስሙን ፊደል ይጭራል። ያለ ማጉያ አይታይም። ድሮ ጠጋኞች ሁሉ እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ ቀጥሎ የሚከፍተው ባለሙያ ማን፣ መቼ እንደነካው እንዲያውቅ ነው። አሁን ነጋዴዎች ጭረቱን እንደ ቁስል ስለሚያዩት ብዙዎቹ ትተውታል። ሴክ አልተወም።

በሦስተኛው ወር፣ ግድግዳ ሁሉ በሚያልብበት ሰሞን፣ አንድ ሰኞ ጠዋት እትዬ ኪው ከደረጃው አፍ ላይ አንገቷን አስገባች። ኪው እዚያው መግቢያው ላይ ካልሲ ትሸጣለች።

«ሲፉ፣ ሙሽራ መጥቶልሃል።»

«በምን አወቅሽ?»

«ቀይ ከረጢት የያዘና ፊቱ የገረጣ ወንድ ሌላ ምን ይሆናል?»

እውነትም ሙሽራ ነበር። ንጋይ ቹን-ሎክ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ የምድር ውስጥ ባቡር የምልክት መብራት ቴክኒሻን ነው። ከከረጢቱ ሳጥን፣ ከሳጥኑ ሰዓት አወጣ። ሴክ እጁን ጨርቅ ላይ ጠርጎ ተቀበለው። ዓይነቱን ያውቀዋል፤ ሰው ስሙን አስመዝግቦ ዓመትና ሁለት ዓመት ተራ የሚጠብቅለት ሰዓት ነው። የፋብሪካው ላስቲክ እንኳ ከማሰሪያው አልተላጠም። መስታወቱ ግን አራት ቁጥር አጠገብ ጠርዙ ተሸርፏል።

«ምን ነካው?»

«የካሜራ ማድረቂያ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬው ነበር።» ወጣቱ ዓይኑን ሰበረ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ወፍ ፎቶ አነሳለሁ፤ ሌንሶቼን ሻጋታ እንዳይበላቸው እዚያ ነው የማኖራቸው። ሰዓቱንም እርጥበት እንዳይነካው ብዬ ከእነሱ ጋር አደረግኩት። አንድ ቀን አስሬው አላውቅም። በሩን ስከፍት ትልቁ ሌንስ ከላይኛው መደርደሪያ ተንሸራቶ ወደቀበት።»

«እጅህ ላይ ብታስረው ኖሮስ?» አለች ኪው።

«ምንም አይሆንም ነበር።»

«ተንከባክበህ ገደልከው በለኛ።»

ሴክ በዓይኑ ዝም አሰኛትና ከጠረጴዛው ሥር አንዲት ወንበር ስቦ ወደ ወጣቱ ገፋለት። እሱ ግን አልተቀመጠም። ነገሩን ቆሞ ነው የተናገረው።

ሰዓቱ የሙሽራዋ የሲዩ-ማን ቤተሰብ ከሦስት ሳምንት በፊት የጥሎሹን መልስ ሲልኩ የሰጡት ነው። አባቷ አቶ ፓንግ፣ ቺም ሻ ቹይ በሚባለው ሰፈር አርባ ዓመት ሰዓት ሲሸጡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሌላው ሽማግሌ የንባብ መነጽር እንደሚይዝ እሳቸው ማጉያ በኪሳቸው ይዘው ይሄዳሉ። ሰዓቱን ሲሰጡት በሰው ፊት «ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ የማንም እጅ አልገባበትም» ብለውታል።

«መጀመሪያውንም አልወደዱኝም» አለ ቹን-ሎክ። «'ነገር እጁ ላይ የማይበረክት ልጅ' ይሉኛል። እቤታቸው በሄድኩ ቁጥር ጃንጥላ ረስቼ ስለምወጣ ነው። እሁድ ሠርጉ ነው። በሠርጉ ሥርዓት ተንበርክኬ ሻይ ስሰጣቸው ሰዓቱ ከአፍንጫቸው ሥር ነው የሚሆነው። በሠርጌ ቀን በዘመድ ሁሉ ፊት ያንን እንዲሉኝ አልፈልግም፤ ሲዩ-ማንም እንድትሰማው አልፈልግም።»

«ለምን ወደ ኩባንያው አልወሰድከውም?»

«ወስጄው ነበር። አሥር ሳምንት አሉኝ። ደግሞ የእነሱ መለወጫ መስታወት ምልክቱ ሌላ ነው።»

ሴክ ራሱን ነቀነቀ። ፋብሪካው በመስታወቱ ግርጌ በዓይን የማትታይ ዓርማ ይቀርጻል። ለጥገና የሚልከው መስታወት ግን ዓርማው ትንሽ ይለያል፤ ተለውጦ እንደነበረ እንዲታወቅ ነው። መስታወቱ ያው የፋብሪካው፣ የገጠመውም ያው የፋብሪካው ሰው፤ ሆኖም ነጋዴው «ኦርጅናል አይደለም» ይላል። ሴክ ይህን ነገር ብዙ ጊዜ ሰምቶታል። እስከ መጨረሻው ግን ገብቶት አያውቅም።

ቹን-ሎክ ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። መስታወት ነው። ለመለዋወጫ ተብሎ ከተፈታታ አዲስ ሰዓት ላይ የወጣ፣ ከአፕሊው ጎዳና የዕቃ ገበያ የተገዛ። ሴክ ማጉያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ አገላብጦ አየው። ዓርማው የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

«ትክክለኛ ነው» አለ። «ይገጥማል።»

«ሌላ ደግሞ አንድ ነገር ነበረኝ።» ወጣቱ ድምፁን ቀነሰ። «ክዳኑ ላይ ባይጽፉበት።»

«እንደምጽፍ ማን ነገረህ?»

«እሳቸው። አቶ ፓንግ። 'በዚህ ከተማ እጁን የማምነው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ደረጃ ሥር ያለው ሴክ፤ ጥፋቱ ክዳን ላይ መሞነጫጨሩ ነው' ሲሉ ሰምቼ ነው ወደ እርስዎ የመጣሁት።»

ሴክ፣ ፓንግ የሚባል ደንበኛ ሊያስታውስ ሞከረ፤ አልመጣለትም። ደንበኞቹ ስም አይሰጡም፤ እሱም አይጠይቅም። ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው የሰዓቱ ቁጥርና የተሠራው ሥራ ብቻ ነው።

«መስታወቱን እገጥምልሃለሁ» አለ። «መጻፉንም እጽፋለሁ።»

«ማን ያየዋል ብለው ነው?»

«ቀጥሎ የሚከፍተው።»

«ቀጥለው የሚከፍቱት እሳቸው ከሆኑስ?»

«እንግዲያው ጭረቱ ሳይቀድምህ አንተ ንገራቸው፣ ልጄ።»

ቹን-ሎክ ሳቅ ቢጤ ሞከረው። «አያውቋቸውም።» ቀጥሎም «መጥተው ቢጠይቁዎት ምን ይላሉ?» አለ።

«ከጠየቁኝ አልዋሽም። ካልጠየቁኝ አልናገርም። እዚህ ያወራኸው ከዚህ ደረጃ አይወጣም፤ እትዬ ኪውን እኔ አስጠነቅቃታለሁ።»

«እኔ ምን ሰማሁ?» አለች ኪው ካልሲ እያጠፈች።

ወጣቱ ሰዓቱን አንስቶ ወደ ሳጥኑ ሊመልሰው ዳዳው። ሳጥኑን ከፈተ፣ ዘጋ። መጨረሻ ላይ ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ ተወው።

«ሐሙስ ና» አለው ሴክ።

ማክሰኞ ጠዋት ሻዩን አስቀምጦ፣ የተለመደውን ያህል ቆሞ፣ ሰዓቱን ፊቱ አደረገ። መስታወት ለመግጠም አስቀድሞ ሞተሩን ማውጣት ይሻላል፤ ስለዚህ የጀርባ ክዳኑን ፈታ። ክዳኑን ገልብጦ ጨርቅ ላይ ሊያኖረው ሲል ዓይኑ ላይ ያለው ማጉያ አንድ ነገር አሳየው። እጁ ቆመ።

ክዳኑ ውስጥ ጭረት አለ። ቀኑ ያለፈው ዓመት ሰባተኛ ወር፣ አሥራ ስድስት ይላል። ፊደሉ የራሱ ነው።

ደብተሩን አወጣና የሰዓቱን ቁጥር ፈለገ። አገኘው፦ «የመሙያ ቁልፍና ቱቦው ተቀየረ።» ያኔ ትዝ አለው። ባርኔጣ ያደረጉ፣ በሥርዓት የለበሱ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሰዓቱ ጎን ያለውን የመሙያ ቁልፍ መልሰው ሲያጠብቁት ጥርሱ ተጣመመባቸውና በግድ ሲያዞሩት ተበላ። «ለስጦታ ያስቀመጥኩት ነው» ብለው ነበር። «ኩባንያው ጋ ብወስደው መዝገብ ላይ ይገባል።» እንዳይጽፍበትም ጠይቀውታል። ሴክም «ሳልጽፍ አልዘጋም» ሲላቸው ትንሽ አስበው «ይሁን፤ ማን ያየዋል» ብለው ነበር የሄዱት። እንዲህ ያለውን ሰዓት በዓመት ሃያ ሠላሳ ስለሚከፍት፣ ሰኞ ዕለት ሲቀበለው ያው መሆኑን አላወቀም።

እንግዲህ የማንም እጅ ያልገባበት የተባለው ሰዓት መጀመሪያ የአቶ ፓንግ የራሳቸው እጅ፣ ቀጥሎም የእሱ እጅ ገብቶበታል።

«ምነው ፈዘዝክ?» አለች ኪው።

«ምንም።»

ስልኩን አየው። ቹን-ሎክ ቁጥሩን ትቶለታል። አንድ ቃል ቢልክለት፣ «አትፍራ፣ እሳቸውም አበላሽተውታል» ቢለው፣ ልጁ እስከ እሁድ በሰላም ይተኛ ነበር። ግን ያ ቃል የእሱ አይደለም። ሽማግሌውም እዚህችው ጠረጴዛ ላይ ነው የነገሩት፤ የአንዱን አፍ ለሌላው ከሸጠ ነገ ማን መጥቶ ያወራዋል? የከበደው ሌላ ነገር ነው። ልጁን «ሂድና ንገራቸው» ያለው እሱ ነው። ልጁ ሰምቶት ቢነግራቸውና እሳቸው እንደ ንጹሕ ሰው ቢቆጡት፣ ሴክ ያንን እያወቀ ዝም ማለት ሊኖርበት ነው።

መስታወቱን ገጠመ። ሞተሩን መለሰ፤ ውሃ የሚከለክለውን የጎማ ቀለበትም ቀየረ። ከመጀመሪያው ጭረት ሥር ሁለተኛውን ቀን በዚያው መርፌ ጫረና ክዳኑን ዘጋ። ውሃ ያስገባ እንደሆነም በመሣሪያው ፈተሸ። አላስገባም።

ረቡዕ ጠዋት ከቀዩ ሳጥን ፊት ከወትሮው ረዘም አድርጎ ቆመ። ወደ ላይ የምትወጣ ሴትዮ የገበያ ዘንቢሏን ይዛ እስኪያልፍላት ጠበቀችው።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ኪው ቀድማ አየቻቸው።

«ሲፉ፣ ሙሽራህ ዛሬ ዳኛውን ይዞ መጥቷል።»

ቹን-ሎክ ከፊት፣ ባርኔጣ ያደረጉት ሽማግሌ ከኋላ ናቸው። አቶ ፓንግ ቀኝ እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተዋል። ቦታ ስለሌለ ወጣቱ አንድ ደረጃ ላይ ወጥቶ ቆመ፤ ወንበሩን ሽማግሌው ያዙት።

«ሴክ፣ ደህና ከርመሃል?»

«ደህና ነኝ። እርስዎስ?»

«ነበርኩ፣ እስከ ትናንት። ሻይ ቤት ጠርቶኝ ነገረኝ እኮ። የዶሮ እግር አፌ ውስጥ እያለ። ልዋጠው ልትፋው ግራ ገባኝ።»

ኪው ሳቀች። ሌላ ማንም አልሳቀም።

«አርባ ዓመት ሸጥኩ» አሉ አቶ ፓንግ ወደ ቹን-ሎክ ሳይዞሩ። «ለሚኒስትርም ሸጫለሁ፣ ለወሮበላም ሸጫለሁ። አንዱ በመኪና ሄደበት፣ አንዱ ሽንት ቤት ጣለው። ላስቲኩን ሳይልጥ የሰበረ ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው።»

«ይቅርታ፣ አባባ።»

«አባባ የምትለኝ እሁድ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«ይቅርታ፣ አጎቴ።»

«ሳይነካ ነው የሰጠሁህ። ከፋብሪካ እንደወጣ። ሦስት ሳምንት አላቆየኸውም። እሁድ ደግሞ ልጄን ይዘህ ልትሄድ ነው።»

ሴክ ወረንጦዎቹን በተርታ መደርደር ያዘ። የተደረደሩትን አንስቶ እንደገና ደረደራቸው። ምላሱ ሥር የመጣውን ቃል ዋጠው። ልጁ አንገቱን ደፍቷል፤ ግን አልተከራከረም፣ ምክንያትም አልደረደረም። ለዚህ ሴክ በልቡ አመሰገነው።

ሰዓቱን አውጥቶ ለሽማግሌው ሰጣቸው። አቶ ፓንግ ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደገፉ። እንዲያም ሆኖ እጃቸው ሰዓቱን ያንቀሳቅሰው ነበር።

«አገጣጠሙ ጥሩ ነው። ዓርማውም የመጀመሪያው ነው። መስታወቱን ከየት አመጣኸው?»

ቹን-ሎክ ነገራቸው።

«አንድ ቦታ ዓይን የሌለው ሰዓት ተቀምጧል ማለት ነው። ይሁን፤ ባትነግረኝ አላውቅም ነበር።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ትንሽ ረገብ አለ።

ልጁን ያሳሳተው ይሄ መርገብ ነው። ልብ ሰጠውና አንድ ደረጃ ወረደ። «ምንም አልደበቅኩም፣ አጎቴ። ሲፉ ክዳኑ ላይ ጽፈዋል። ይክፈቱትና ይዩት።»

«አያስፈልግም።»

«ይዩት እንጂ። ኋላ ሌላም ነገር ነክቷል እንዳይሉኝ ነው።»

«አያስፈልግም አልኩህ።»

«ሲፉ፣ እባክዎ ይክፈቱላቸው።»

አቶ ፓንግ ማጉያውን ከዓይናቸው አውርደው ሴክን አዩት። ቹን-ሎክም አየው። የክዳን መፍቻው ጠረጴዛው ላይ፣ ከእጁ አንድ ስንዝር ርቆ ተቀምጧል።

«ውሃ እንደማያስገባ ፈትሼዋለሁ» አለ ሴክ ወደ ማናቸውም ሳያይ። «በተከፈተ ቁጥር የጎማ ቀለበቱ ይደክማል። ያለ ምክንያት ባይከፈት ነው የሚሻለው።»

ከተናገረው ውስጥ ውሸት አልነበረበትም። መፍቻውን አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ከላይ አንድ ሰው የሩዝ ከረጢት ተሸክሞ ወረደ። ቹን-ሎክ ከግድግዳው ተጣብቆ አሳለፈው። ሰውየው ወጥቶ ሄደ። አቶ ፓንግ ሰዓቱን በመሙያው ቁልፍ በኩል በአውራ ጣታቸው ያሹት ነበር።

«ክፈተው» አሉ።

«ጋሽ ፓንግ፣ ግድ የለም…»

«ክፈተው፣ ሴክ። የጎማውን ቀለበት እኔ እከፍላለሁ።»

ሴክ መፍቻውን መልሶ አወጣ። ክዳኑን ፈታና ውስጡን ወደ ላይ አድርጎ ጨርቁ ላይ አኖረው። ሽማግሌው አላዩትም። ማጉያውን ለልጁ ሰጡት።

«አንብብ።»

ቹን-ሎክ አጎነበሰ። ብርሃኑን እስኪያገኝ ጥቂት ቆየ። «ሁለት የተለያየ ቀን ነው የተጻፈው» አለ።

«የታችኛው ያንተ ነው።»

«የላይኛውስ?»

አቶ ፓንግ ቀኝ እጃቸውን አንስተው አየር ላይ ያዙት። እጁ ተንቀጠቀጠ። «የላይኛው የዚህ ነው። የመሙያውን ጥርስ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አሥር ሺህ ጊዜ ያጠበቅኩት ቁልፍ። ለሲዩ-ማን እናት እንኳ አልነገርኩም።»

«ከፋብሪካ እንደወጣ ነው ብለውኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር።»

«በሰው ሁሉ ፊት።»

«በሰው ሁሉ ፊት።»

ልጁ ማጉያውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የተቆጣ ይመስል ነበር፤ መቆጣት እንደሚችል ሴክ እስካሁን አላየም። «አሁን በተቆጡኝ ጊዜ ያውቁት ነበር?»

«ከአፌ ሳይወጣ አውቄዋለሁ። አፍ አንዴ ከሮጠ አይመለስም።» ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ይቅርታ አድርግልኝ።»

ቹን-ሎክ ዝቅ ብሎ የወደቀች ካልሲ አነሳና ለኪው አቀበላት። «እሺ» አለ ቀጥሎ። ያንን ብቻ።

አቶ ፓንግ ወደ ሴክ ዞሩ። «አንተ ደግሞ እንደዚያ ስጮህበት ዝም ትላለህ?»

«ነገሩ የእኔ አልነበረም።»

«ክፈተው ባልልህስ?»

«እንደተዘጋ እሰጠው ነበር።»

«እና ሁለታችንን ይዘህ ትቀመጥ ነበር።»

«ሌላም ብዙ ሰው ይዣለሁ» አለ ሴክ፤ አዲስ የጎማ ቀለበት እየፈለገ።

ኪው መታገሥ አቃታት። «እንግዲህ ይሄ ሰዓት ኦርጅናል ነው አይደለም? እኔ የገባኝ ነገር የለም።»

«ለገበያ ከሆነ ኦርጅናል አይደለም» አሉ አቶ ፓንግ፤ አሁን እንደ ነጋዴ ነበር የሚናገሩት። «መስታወቱ የሌላ፣ ቁልፉ የሌላ፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ ሁለት ጭረት። እኔ ሱቅ ቢመጣ ከዋጋው ሲሶውን እቆርጥ ነበር። ያውም ላመጣው ሰው አዝኜለት።»

«ልሸጠው አላሰብኩም» አለ ቹን-ሎክ።

«እኔም እንድትሸጠው አልሰጠሁህም። በል ላስቲኩን ላጠው።»

ልጁ ላስቲኩን በጥፍሩ መላጥ ጀመረ። አንዱ ጥግ አልላቀቅ ሲለው ሽማግሌው አገጫቸውን ቀና አድርገው ከየት በኩል እንደሚጀመር አሳዩት። ሴክ ቀለበቱን ቀይሮ ክዳኑን ዘጋና እንደገና ውሃ ፈተሸ። ሰዓቱ ሲታሰር ማሰሪያው ሰፋ፤ እስከ ክርን ሊወርድ ምንም አልቀረው። ሴክ ከማሰሪያው ሁለት መገጣጠሚያ አወጣለት። ቹን-ሎክ እጁን ዘረጋለት።

«ጠበቀህ?» አለው ሴክ።

«አይ፣ ልክ ነው።»

«ጣት ይግባበት» አሉ አቶ ፓንግ። የራሳቸውን ጣት በማሰሪያውና በልጁ አንጓ መካከል አስገብተው ሞከሩት። ጣታቸው እየተንቀጠቀጠ ገባ።

ቹን-ሎክ ሰዓቱን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። «እሁድ አክስቶቼ ማየታቸው አይቀርም። አዲስ ነው ወይ ብለው ይጠይቁኛል።»

«አዲስ ነው በላቸው። አዲስ ነዋ።»

«ኦርጅናል ነው ወይ ካሉኝስ?»

አቶ ፓንግ ባርኔጣቸውን አጠለቁና ደረጃውን ይዘው ተነሱ። «እሱን የጠየቀህን ሁሉ ወደ እኔ ላከው። እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«በሰው ሁሉ ፊት?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «የእሁዱን ሻይ ከጠጣሁ በኋላ» አሉ።

ወጡ። ኪው መግቢያው ላይ አስቆመቻቸው፤ ሙሽራው ለእሁድ ቀይ ካልሲ መግዛቱን ልታረጋግጥ ነው። አልገዛም ነበር። ሴክ የዋጋ ክርክራቸውን እየሰማ ደብተሩን ከፈተ፤ ከሰዓቱ ቁጥር ሥር «መስታወት፣ ሁለት ጊዜ የጎማ ቀለበት» ብሎ ጻፈና የሚቀጥለውን ሰዓት አነሳ።